የእንግዳ አፍንጫ

ባለፈው ግንቦት ለለቅሶ ቆቦ ሄጄ፣ ከባጃጅ ወርጄ ባንድ አጥር ጥግ ሳልፍ ሰዎች የእህል ጉድጓድ ሲከፍቱ ደረስኩ። ዛሬ ዛሬ ሰዉ ማሽላውን በጆንያና በፕላስቲክ ከረጢት ስለሚያስቀምጥ፣ መሬት ውስጥ የሚቀብር የቀረ አልመሰለኝም ነበር። ሽታው ሲመጣ ግን እግሬ ቆመ። ለብ ያለ፣ ኮምጠጥ ያለ፣ ብዙ ቀን የተረሳ ሊጥ ዓይነት ሽታ ነው። አብራኝ የነበረችው ጓደኛዬ አፍንጫዋን ይዛ "ምንድን ነው ደግሞ ይሄ?" አለች። እኔ ደግሞ፣ አትታዘቡኝና፣ እንባዬ መጣ።

ያንን ሽታ መጀመሪያ ያገኘሁት በአስር ዓመቴ ነው። ያደግኩት ወልድያ ነው። እናቴ ታናሽ ወንድሜን አርግዛ ሳለ ሐኪሙ ከአልጋ እንዳትነሺ አላት፤ አባቴ እሷንም እኔንም ብቻውን ማስተዳደር ሲያቅተው እኔን ወደ አክስቴ ዘሀራ ላከኝ። አክስቴ ያገባችው ከቆቦ ከተማ ወጣ ብሎ ካለ ገጠር ነው። ከየካቲት እስከ ሰኔ እዚያው ልማር ተባለ። እናቴ እንደተኛች ሻንጣዬን አስቀርባ ልብሴን እያጠፈች ምክሯን ጋተችኝ። በሰው ቤት ምግብ አይናቅም፤ በሰው ቤት ይሄ ጎደለ፣ ያ ቆሸሸ አይባልም። "ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፣ ሰዓዳ" አለችኝ በመጨረሻ። እኔም ሚኒባሱ ጎብዬን አልፎ፣ ሮቢትን አልፎ ቆቦ እስኪገባ ይችኑ ስደጋግም ሄድኩ። ታዛዥ ልጅ ነበርኩ። ታዛዥነት እንዴት ያለ ጣጣ እንደሆነ ገና አልገባኝም።

ከሚኒባሱ ስወርድ ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። ሰዉ ግን በዚያ ቃጠሎ ጋቢ ለብሶ ቆሞ ያወራል። አበዱ እንዴ ብዬ ልትቀበለኝ የመጣችውን አክስቴን በጎን አየኋት፤ እሷም ነጠላ ደርባለች። ነጭ አቧራውን እየረገጥን፣ ከአፋር በረሃ የመጡ ግመሎች እያሳለፉን፣ ከሰዓት በኋላ ቤቷ ደረስን።

ከዚያ ፀሐይ ወደ ቤት ስገባ ዓይኔ ጠፋ። ግድግዳ የለም፣ መደብ የለም፣ ሰው የለም፤ ጨለማ ብቻ። ወዲያው ያ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ገና ጫማዬን ሳላወልቅ፣ ገና ውሃ ቅመሺ ሳልባል፣ ከጨለማው ውስጥ የሽማግሌ ድምፅ መጣ።

"አንቺ ልጅ፣ ምን ሸተተሽ?"

ደነገጥኩ። ዓይኔ ቀስ እያለ ሲለምድ መጀመሪያ ነጭ ኮፍያ አየሁ፣ ከዚያ ጢም፣ ከዚያ የሙስበሃ መቁጠሪያ የያዘ እጅ። ሰውየው ከመጀመሪያውም ከፊቴ ነበሩ፤ ሦስት እርምጃ አይርቁኝም። የአክስቴ ባል የጋሼ ይማም አባት፣ አያ እንድሪስ ናቸው።

እንግዲህ የልጅ ጭንቅላት ምን እንዳሰበ ልንገራችሁ። ቤቱ ይሸታል። እኒህ ሰውዬ መሐሉ ላይ ተቀምጠዋል። እንግዳ ሳይቀመጥ ምን ሸተተሽ ብለው ይጠይቃሉ። ስለዚህ የሚሸቱት እሳቸው ናቸው፤ መሽተታቸውንም ያውቃሉ፤ ሰው ይጸየፈኛል ብለው ይጨነቃሉ። አንጀቴን በሉት።

"ምንም አልሸተተኝም" አልኩ።

አያ እንድሪስ አልለቀቁኝም፤ በደንብ አድርጌ እንድስብ አዘዙኝ። ሳብኩ። ሊያስመልሰኝ ደረሰ። ዋጥ አድርጌ፣ ምንም የለም፣ እንዲያውም ደስ ይላል አልኳቸው። አልሐምዱሊላህ ብለው ትከሻቸው ሲወርድ አየሁ። አክስቴም ውሃ ሰጠችኝ። በልቤ እናቴ ብታየኝ ትኮራ ነበር አልኩ።

የአያ እንድሪስ ሥራ ጉድጓድ ነበር። በዚያ አገር ማሽላው ታጭዶ ተወቅቶ ሲያልቅ መሬት ውስጥ ይገባል። አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ አድርገው ይቆፍሩታል፤ ውስጡን እሳት አንድደው ያደርቁታል፤ ጭድ ያለብሱታል፤ እህሉን ሞልተው በጠፍጣፋ ድንጋይ ይገጥሙና በጭቃና በእበት ይመርጉታል። ቦታ የሚመርጡት፣ የሚመርጉት፣ የሚከፍቱት አያ እንድሪስ ናቸው። ከዚያ በላይ ደግሞ አፍንጫቸው ነው የተፈራው። ጉድጓዱ ሳይከፈት ተንበርክከው አፉ ላይ ያለውን አፈር ያሸቱና ደህና ነው፣ ወይ ዛሬውኑ አውጡት ይላሉ። እሳቸው ደህና ነው ያሉት እህል ተበላሽቶ አያውቅም። ከጎብዬም ከሮቢትም ድረስ እየመጡ ይወስዷቸው ነበር። ሰፈሩ ሁሉ አንተ ይላቸዋል፤ እኔ ግን የከተማ ልጅ ነኝና እርስዎ እላቸዋለሁ፤ ያ ያስቃቸዋል።

እኔ ከመምጣቴ ሁለት ሳምንት በፊት የበልግ ዝናብ ጥሎ፣ ጋሼ ይማም ወደ ማሳው የጠለፈው ጎርፍ ቦዩን ጥሶ በግቢው በኩል አልፎ ነበር። ጉድጓዱ ከቤቱ ጀርባ፣ ከፍየሎቹ በረት አጠገብ ነው። የአፉን ጭቃ አደሱት፤ አያ እንድሪስ አሸተቱና ደህና ነው አሉ። ይህን ሁሉ የሰማሁት ግን በኋላ ነው።

በመጣሁ በአምስተኛው ቀን ዓርብ ነበር። አያ እንድሪስ ታጥበው፣ ነጭ ለብሰው፣ ሽቶ ነክተው ለጁምዓ ሲወጡ አየሁ። ከትምህርት ቤት ተመልሼ ቤት ስገባ ሳብ አደረግኩ፤ ሽታው የለም። የፍየል ሽታ የለም፣ የኩራዝ ሽታ የለም፣ ምንም የለም። ምስኪን፣ ታጠቡና ለቀቃቸው አልኩ። ሳልነግራቸው፣ ሳላሳፍራቸው ማለፌ እንዴት ደስ እንዳለኝ።

ከዚያ በኋላ ቆቦ ቀስ በቀስ ለቀቀልኝ። ሙቀቱ ለቀቀልኝ፤ በመጋቢት እኔም እንደ አክስቴ ጠዋት ጠዋት ነጠላ መደረብ ጀመርኩ። በአስፋልቱ የሚያልፉት ከባድ መኪናዎች መጀመሪያ ሰሞን ከመኝታዬ ያዘልሉኝ ነበር፤ አንድ ቀን አክስቴን መኪናዎቹ የት ሄዱ ብዬ ስጠይቃት ሳቀችብኝ። ስጠይቃትም እያለፉ ነበር።

ከአያ እንድሪስ ጋር ደግሞ ተወዳጀን። ዓይኔን በነጠላ ያስሩኝና አንድ እፍኝ ማሽላ አፍንጫዬ ሥር ያደርጋሉ። ይሄ ፀሐይ የጠገበ ነው፤ ይሄ ሳይደርቅ የተወቃ ነው፤ ይሄ ነቀዝ ገብቶበታል። ስሳሳት ራሴን በጣታቸው ኳ ያደርጉኛል፤ ሳገኝ "ሸጋ!" ይላሉ። አፍንጫ እንደ ሰው ነው፣ ካልጠየቁት አይናገርም ይሉኝ ነበር። ቤት ውስጥ ሁለታችን ብቻ ሆነን፣ እፍኙን ከኔ አፍንጫ ወደ እሳቸው አፍንጫ እያመላለስን ስንከራከር የሚሰማን ሰው እብዶች ይለን ነበር። እንደዚያ ያለ ደስታ በትምህርት ቤት አላገኘሁም።

ግንቦት ላይ ቤት ውስጥ የነበረው እህል ሲያልቅ ጉድጓዱ ይከፈት ተባለ። እስከ ኅዳር፣ አዲሱ ማሽላ እስኪደርስ ድረስ፣ ቤተሰቡ ያለው እሱ ብቻ ነው። ጠዋት ጎረቤቶች መጡ። ጋሼ ይማም ጭቃውን ቆፍሮ አነሳ። አያ እንድሪስ ኩራዝ በገመድ አስረው ይዘዋል፤ ድንጋዩ ሲነሳ ወደ ውስጥ ያወርዱታል፤ መብራቱ ከጠፋ ሰው አይገባም፣ አየሩ ይገድላል። ልጆች ራቁ ተባልን።

ድንጋዩ ሲነሳ ሽታው ወጣ። ሰው ሁሉ ወደ ኋላ አለ። እኔ ግን አወቅኩት! የመጣሁ ቀን ቤት ውስጥ የነበረው ሽታ ነው፤ ያው ራሱ፣ በርትቶ። አያ እንድሪስን አየኋቸው። እሳቸው ወደ ኋላ አላሉም፤ ኩራዙን በእጃቸው እንደያዙ አፉ ላይ ቆመው ቀሩ።

አየሩ እስኪወጣ ጠብቀው ሲገቡ፣ ውሃ በአንድ ጎን ሰርጎ ከላይ እስከ ታች አጥቁሮታል። እህሉ ግድግዳው ላይ ተጋግሯል። ከሦስት እጅ ሁለቱ ጠፍቷል። መሐሉ ላይ የተረፈውን እያወጡ ቁርበት ላይ አሰጡት። አክስቴ ጥቁሩን ማሽላ በእጇ እየፈረፈረች ታያለች። አያ እንድሪስ የጉድጓዱ ድንጋይ ላይ ተቀመጡና፣ ለማንም ሳይሆን፣ "አፍንጫዬ ሞቷል" አሉ። ከዚያ ደግሞ፣ ስንት ሰው ቤት ደህና ነው ብያለሁ ያረቢ ብለው ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

ከዚያ ቀን በኋላ ሌላ ሰው ሆኑ። በሁለተኛው ቀን ከጎብዬ አንድ ገበሬ ሊወስዳቸው መጣ፤ ሌላ ሰው ፈልግ ብለው መለሱት። ሰውየው ነገሩን አልሰማም ነበርና ለመናቸው፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ማሽላ የማሸተት ጨዋታችንም ቀረ። እፍኝ ይዤ ስቀርባቸው እጄን ቀስ ብለው ይመልሱታል። ሰው እንደዚያ ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ ሲያልቅ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም።

ጎረቤት ቁና ቁና እህል አምጥቶ ደጅ ላይ እያስቀመጠ፣ ብዙም ሳይቀመጥ ይሄዳል። አክስቴ የተረፈውን አጥባ አድርቃ ታስፈጫለች። የመጀመሪያው ገንፎ መረረኝ፤ ጉሮሮዬ አልቀበል አለ። በሳምንቱ አልመረረኝም። እሷ ግን ለኔ ሰፋ አድርጋ እያወጣች፣ ለራሷ ስታሳንስ አያለሁ። ከጉሮሮዬ አልወርድ ያለኝ ያኔ ነው። ሽታውን አውቀዋለሁ። ግን እንዴት ሆኖ መጥቶ፣ ሄዶ፣ ተመልሶ እንደመጣ አላውቅም።

የገባኝ ትምህርት ቤት ነው። የሳይንስ አስተማሪያችን አንድ ቀን ሦስት ጎድጓዳ ሳህን ይዞ መጣ። በአንዱ የሞቀ ውሃ፣ በአንዱ ከእንስራ የተቀዳ ቀዝቃዛ፣ በመሐለኛው ለብ ያለ። እኔን አወጣኝ። አንዱን እጄን ከሞቀው፣ አንዱን ከቀዝቃዛው ከተትኩና ክፍሉ እስከ መቶ ቆጠረ። ከዚያ ሁለቱንም መሐለኛው ውስጥ ክተቺ አለኝ። አንዱ እጄ ቀዘቀዘኝ አለ፤ አንዱ ሞቀኝ አለ። ውሃው አንድ ነው። ክፍሉ ሳቀ። አስተማሪው ቆዳችን ጠዋት ያጠለቅነውን ልብስ ቀኑን ሙሉ እንደማይሰማው፣ አፍንጫም ውሎ ያደረበትን ሽታ እንደሚተው ነገረን። ሽታው ስለጠፋ አይደለም አለ፤ አፍንጫው መናገር ስላቆመ ነው።

እጄን ከውሃው ሳላወጣ ማልቀስ ጀመርኩ። አስተማሪው ውሃው ያቃጠለኝ መስሎት ደነገጠ።

ሁለት ቀን ዝም አልኩ። ብናገር አክስቴ ትመልሰኛለች፣ እናቴ ትሰማለች፣ ጋሼ ይማም ፊቴን አያይም። ብዙ ምክንያት ነበረኝ። ግን አያ እንድሪስ አፍንጫቸው እንዳልሞተ ከኔ በስተቀር የሚያውቅ ሰው የለም። በሦስተኛው ቀን ከአክስቴ ጓዳ ሦስት ሳህን ለቅሜ ውሃ ሞላሁና ፊታቸው ደረደርኩ። እምቢ አሉ፤ ለመንኳቸው፤ በመጨረሻ ለኔ ሲሉ እጃቸውን ከተቱ። መቶ ቆጠርኩ። ሁለቱንም እጆቻቸውን ወደ መሐለኛው ሲያመጡ ግንባራቸው ተቋጠረ። አወጡና እንደገና ከተቱ።

"የትኛው ነው ውሸታሙ?" አሉኝ።

ሁለቱም አልዋሹም፣ ከኖሩበት ተነስተው ነው የሚናገሩት አልኳቸው፤ አስተማሪያችን ያለውን ነው። ከዚያ ትንፋሼን ሳልሰበስብ አፈረጥኩት። የመጣሁ ቀን ሸቶኝ ነበር። እንዳላሳፍርዎ ብዬ ዋሸሁ። በአምስተኛው ቀን ለኔም ጠፋ። የእርስዎም እንደዚያ ነው፤ ቀስ እያለ ስለመጣ ነው፣ አፍንጫዎ አልሞተም።

አያ እንድሪስ እጃቸውን ከውሃው አወጡ፣ በኩታቸው ጠረጉ፣ ከዘራቸውን አነሱና ወጡ። ማታም አልተመለሱም። ሮቢት ሴት ልጃቸው ቤት እንደሄዱ በማግስቱ ሰማን። አክስቴ ምን ብለሽው ነው ስትለኝ ለእሷም ነገርኳት፤ የሸተቱኝ እሳቸው መስለውኝ እንደነበር ሳይቀር። የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ ዞረች። ትሳቅ ታልቅስ አላየሁም። በዚያ አገር እንግዳ ሲገባ ምን ሸተተህ ተብሎ የሚጠየቀው ለምን እንደሆነም ያኔ ነገረችኝ። ጎረቤቱ ሁሉ በየቤቱ ጉድጓድ አለውና አፍንጫው ለምዷል፤ የባለቤቱ አፍንጫም ለራሱ ቤት አይሆንም፤ የሚታመነው የሩቅ እንግዳ ነው። አያ እንድሪስ የሰው ቤት ሲሄዱ እንግዳ ናቸው። ለራሳቸው ቤት እንግዳቸው እኔ ነበርኩ።

እነዚያን አራት ቀናት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው አላውቅም። በኔ ተቀይመው ቤታቸውን ጥለው የሄዱ መሰለኝ። ደጅ ደጁን ሳይ አንገቴ ተጣመመ።

በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አክስቴና እኔ ከማሽላው ላይ ጥቁር ጥቁሩን ስንለቅም፣ ጋሼ ይማም ቦዩን ሲያድስ፣ መጡ። አልገቡም። አጥሩ በር ላይ ቆመው ሁለት እጃቸውን ከዘራው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ። አክስቴ ልትነሳ ስትል በእጃቸው አስቆሟት። ብዙ ቆዩ።

"ዘሀራ፣ ይሄ ግቢ ይሸታል" አሉ።

ጉድጓዱ ውስጡ ገና እንዳልደረቀ ተናገሩ። ጥቁሩን ማሽላ የጣላችሁት ከበረቱ ኋላ ነው አሉ፤ ልክ ነው። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ጓዳው በኩል መለስ አድርገው፣ ጋዝ ፈሷል አሉ። የፈሰሰ ጋዝ የለም አለች አክስቴ። ጋሼ ይማም ገብቶ የኩራዙን ጋዝ ጀሪካን ሲያነሳው ሥሩ ተሰንጥቋል፤ ወለሉ ርሷል። ስንት ቀን እንደፈሰሰ እንጃ። ከሦስታችን አንዳችንም አልሸተተንም።

የአያ እንድሪስ እንባ ጢማቸው ላይ ሲወርድ አልጠረጉትም። ገብተው ከፊቴ ቁርበቱ ላይ ተቀመጡ።

"ያን ቀን የሸተትኩሽ እኔ መስዬሽ ነው?"

"አዎ።"

"አዘንሽልኝ?"

"አዎ።"

"አዝነሽልኝ አስራብሽኝ፣ ልጄ።"

ያኔ ለቅሶዬን ለቀቅኩት። አውፍ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ እያልኩ እግራቸውን ልይዝ ስል ራሴን ወደ ጉልበታቸው ሳብ አደረጉት። አውፍ ብያለሁ አሉኝ፤ ሁለተኛ ግን አትዘኚልኝ፣ ንገሪኝ። ጋሼ ይማም የተሰነጠቀውን ጀሪካን እንደያዘ ቆሞ ሰማ። ወደኔ አየ፣ ከዚያ ራሱ ጎርፍ ወደጠለፈበት ቦይ አየ።

ከዚያ አያ እንድሪስ ቀና ብለው ለጎብዬው ሰውዬ እንዲደውልለት ለልጃቸው ነገሩት። ነገ በጠዋት እመጣለሁ በለው አሉ።

"ግን ሳትደብቅ ንገረው። የራሱ ጉድጓድ የጠፋበት ሰው ነው የሚመጣው። ይህን አውቆ ይጥራኝ።"

ጋሼ ይማም ደወለና፣ ፊቱ እየቀላ፣ አንድም ሳያስቀር ነገረው። እኛም ማሽላውን መልቀም ትተን ስልኩን እናያለን። በመጨረሻ የሰውየው ድምፅ ከስልኩ ወጥቶ ለሁላችንም ተሰማ።

"ይምጣ" አለ።